«አያትህ ምን ያውቃሉ?»

በዚህ ዘመን በብዙ ሙስሊም ቤቶች አንድ መጥፎ ንግግር እየተለመደ መጥቷል። ልጁ ሁለት ኪታብ ቀራሁ ብሎ ወይም ከስልኩ አንድ ሙሐደራ አዳምጦ ይመጣና አያቱ አፋቸውን ሲከፍቱ «እሳቸው ምን ያውቃሉ? ያልተማሩ ናቸው» ይላል። አባትየውም ይስቃል። የልጁስ ልጅነት ነው ይባል፤ የአባትየው ሳቅ ግን ምን ይባላል?

«ያልተማረ» የሚለው ቃል በማን ላይ እንደሚወረወር እስቲ እንመልከት። እኔ ያደግኩት መሐል ሜዳ ነው። መንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ ገብስና በግ የሚያኖሩት፣ ውርጩ አጥንት የሚሰብር አገር ነው፤ ሙስሊሙም በውስጡ ጥቂት ነው። አያቴ (አላህ ይዘንላቸው) የሱፍ ባና ሠሪ ነበሩ። በእሳቸው የጉልምስና ዘመን በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ የመሬት ነገር የተለወጠው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ኢድም ብሔራዊ በዓል አልነበረም፤ ሙስሊሙ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጣው ይህንና ይህን የመሰለውን ጉዳዩን ይዞ ነበር። (ክርስቲያን ወንድሞቻችንም በዚያ ሰልፍ አብረው እንደወጡ ልጆቻችን ሊያውቁ ይገባል።) የአማርኛው የቁርአን ትርጉም ታትሞ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የአያቴ ጢም ሸብቶ ነበር። እንግዲህ ከየት ያንብቡ? ዛሬ በአንድ ጣቱ የፈለገውን ተፍሲር የሚከፍት ልጅ እኒህን ሰው «አላነበቡም» ብሎ ሲወቅስ፣ የጠገበ ሰው የተራበውን «ለምን አልበላህም?» እንደማለት ነው።

ባና በክንድ ይለካ ነበር። የክንድ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ አጭር ክንድ ለሻጭ፣ ረጅም ክንድ ለገዥ ያደላል። አያቴ ቁመታቸውም ክንዳቸውም አጭር ነበር። ስለዚህ በራሳቸው ክንድ ለክተው ሲሸጡ አላየሁም፤ ገዥው በራሱ ክንድ ይለካል፣ ከጎደለም የጎደለውን ያህል ከዋጋው ይቀንሳሉ። አንድ ቀን «አባባ፣ ሌሎቹ እኮ እንዲህ አያደርጉም» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ነገ ለእኔስ በማን ክንድ እንደሚለካልኝ መች አውቄ?» አሉኝ። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሰፍረው የሚያጎድሉትን እንደምታስጠነቅቅ መድረሳ ገብቼ ተማርኩ። ትርጉሟን ግን አስቀድሜ ገበያ ላይ አይቼው ነበር።

ለሱብሒ ሲቀሰቅሱን ውሃችንን በእሳት ለብ አድርገው ይጠብቁናል፤ እሳቸው ግን በቀዝቃዛው ውዱእ ያደርጋሉ። እኔም መምህር ነኝና እናገራለሁ፤ በአለንጋ የተቀሰቀሰ ልጅ አለንጋው የራቀ ዕለት ይተኛል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ሲደግሱ ለሙስሊሙ የሚሆነውን በግ ሳይታረድ ያስረክቧቸው ነበር፤ በእጃቸው ያርዳሉ። በጎረቤት ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሃይማኖታቸውን አላስደፈሩም፣ የሰውንም አልደፈሩም። ይህን በስንት ዲፕሎማ ነው የምንገዛው?

«የድሮ ሰዎች ዲኑን ከባህል ጋር ቀላቅለዋል» የሚል ወገን አለ። የቀላቀሉት ነገር መኖሩን አልክድም። የሚታረም ሲኖር ዑለማዎች በማስረጃ ያርሙት። ግን አነጋገሩስ! ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ጣዖት ያመልክ የነበረውን አባታቸውን እንዴት እንዳናገሩት ሱረቱ መርየምን ከፍተህ ተመልከት፤ አራት ጊዜ በአባትነቱ እየጠሩ፣ በልስላሴ ነው የመከሩት። ያንተ አያት ጣዖት አላመለኩም፤ በውርጭ ውዱእ አድርገው ለአላህ የሰገዱ ሰው ናቸው። ታዲያ አንተ ለተውሒድ ከኢብራሂም የበለጠ ተቆርቋሪ ሆነህ ነው የምትገላምጣቸው?

ወቀሳው ግን በልጁ ላይ ብቻ አያበቃም። በሕይወት ሳሉ ከጓዳ አስቀምጠን፣ ጨዋታቸውን «ትናንትም ነግረውናል» እያልን ቆርጠን፣ በሞቱ ማግስት ግን በግ ጥለን «እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም» የምንል እኛ ወላጆች ነን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በስድስት ዓመታቸው እናታቸው ሲሞቱባቸው ያሳደጓቸው አያታቸው ዐብዱል ሙጠሊብ ነበሩ፤ እሳቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በካዕባ ጥላ ለዐብዱል ሙጠሊብ ምንጣፍ ይነጠፍላቸው ነበር፤ ልጆቻቸው እንኳ በአክብሮት ዙሪያውን እንጂ ከላዩ አይቀመጡም። ሕፃኑ ሙሐመድ መጥተው ሲቀመጡበት አጎቶቻቸው ሊያስነሷቸው ይሞክራሉ፤ አያትየው ግን እንዲተዉአቸው ያዛሉ። እሳቸውም በተራቸው አያት ሲሆኑ፣ የልጅ ልጃቸው በሱጁድ ላይ ከጀርባቸው ቢወጣ እስኪወርድ ድረስ ሱጁዳቸውን አስረዝመዋል። በእኛ ቤት ልጁን ከአያቱ ምንጣፍ ላይ የሚያስነሳው ማን ነው? «ተነስ፣ የቤት ሥራህን ሥራ»፣ «ተነስ፣ ሽማግሌውን አታድክም» የሚለው ማን ነው?

እኛ ሐዲስ ሲነገር «ከማን ሰማህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ነን። ሰነዱ፣ ማለትም ቃሉን የተቀባበሉት ሰዎች ስም፣ ካልታወቀ አንቀበልም። ለገዛ ፋቲሓችን ግን ሰነድ የለንም። አያቴ ፋቲሓን የተማሩት ከኢፋት ተነሥቶ የጓሳን ሜዳ ሲያቋርጥ ክረምት ከያዘው አንድ ደረሳ ነው። ደረሳው በአባታቸው ቤት ከረመ፤ ቀን ሥራ እያገዘ፣ ማታ በእሳት ዳር ሕፃናቱን እያስቀራ። ዝናቡ ሲያባራ መንገዱን ቀጠለ፤ ዳግም አልተመለሰም። ከእሱ አያቴ፣ ከአያቴ አባቴና እኔ፣ ከእኔም በየዓመቱ ደረሶቼ። አያቴ ከሰላት በኋላ ዱዓ ሲያደርጉ የዚያን ደረሳ ስም ያነሱ ነበርና እኔም አውቀዋለሁ፤ ልጆቼም ያውቁታል። የእናንተ ልጆችስ የማንን ስም ያውቃሉ?