ከፎርማት በፊት ምርመራ ይቅደም

በብዙ ቤቶች ጥግ ላይ፣ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አይጠፋም። ታላቅ ወንድም የመመረቂያ ጽሑፉን አዘጋጅቶበታል፤ ታናሽ እኅት ለፈተና ታጠናበታለች፤ አባትም ደብዳቤ ያስጽፉበታል። ይህ ባለውለታ መሣሪያ አንድ ቀን ሥራ መሐል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወይም ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን መልሶ ያስነሳል፤ ወይም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል» አለዚያም «አርጅቷል፣ አበቃለት»። የፍርዱም ማስፈጸሚያ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ልንሞግት የተነሣነው ይህንን ከምርመራ የሚቀድም ፍርድ ነው። ኮምፒውተር ሙቀት፣ ቮልቴጅ፣ ሰበቃና እርጅና የሚገዙት ቁስ አካል ነው። ብልሽቱም እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ክስተት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በሥርዓት ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የሳይንስን ዘዴ በክፍል ውስጥ በቃሉ ሸምድዶ፣ ቤቱ ሲገባ ግን በግምት የሚፈርድ ተማሪ ከሳይንስ ያተረፈው ስሙን ብቻ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ምን እንደሚፈውስና ምን እንደማይፈውስ እንለይ። የተበላሸው ሶፍትዌሩ ከሆነ፣ ዲስኩን አጽድቶ ፕሮግራሞቹን እንደገና መጫን መፍትሔ ሊሆን ይችላል። የታመመው የመሣሪያው አካል ከሆነ ግን ፎርማት የላላ ገመድ አያጠብቅም፤ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያም አያጸዳም። ከዚህም አልፎ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ስለ ብልሽቱ የመዘገባቸውን ማስረጃዎች ከባለቤቱ ሰነዶች ጋር አብሮ ያጠፋል። ሁለተኛ፣ ችግሩ ከዲስኩ ከሆነ፣ እያጣጣረ ያለውን ዲስክ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን እንደ አዲስ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ ጥገና ሳይሆን ማዳን ነው። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው ነበር። ዲስኩ ሲፈተሽ የመጀመሪያው የንባብ ስሕተት ከተገኘበት፣ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካልተገኘበት ዲስክ 39 እጥፍ ሆኖ አገኙት። በአንጻሩ ደግሞ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት በዋና ዋናዎቹ የማስጠንቀቂያ መለኪያዎች ላይ ምንም ምልክት አላሳዩም። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምልክት ከታየ መቸኮል ይገባል፣ ምልክት አለመታየቱ ግን ዋስትና አይሆንም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ገና እየተነሣ ሳለ ሰነዶችን ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ ከምርመራው ሁሉ ይቀድማል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ነካው?» ሳይሆን «መቼ ይቆማል?» የሚለው ነው። ለአብነት ያህል፣ በተነሣ በሃያ ደቂቃው ራሱን የሚያጠፋ ኮምፒውተር እንውሰድ። «ሙቀት ይሆናል» ማለት ገና ግምት ነው። ግምቱ መላምት የሚሆነው ሊፈተን የሚችል ትንበያ ሲሰጥ ነው። ምክንያቱ ሙቀት ከሆነ፣ በከባድ ሥራ ጊዜ ቶሎ፣ በቀላል ሥራ ጊዜ ዘግይቶ መጥፋት አለበት። እንደጠፋ ወዲያው ቢነሣ ከሃያ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጥፋት፣ አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢነሣ ደግሞ ወደ ሃያው ደቂቃ መመለስ ይገባዋል። ሦስቱም ከተፈጸሙ መላምታችን ጸንቷል። ሥራው ከበደም ቀለለ ለውጥ ከሌለ ግን ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። እስካሁን አንድ ብሎን እንኳ እንዳልተፈታ አንባቢ ልብ ይበል።

የሙቀት ጉዳይ ለእኛ አገር ደጋ ነዋሪ ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ማራገቢያ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው የተወሰነ ይዘት ያለው አየር ነው፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሽከረከር አንድ ዓይነት ማራገቢያ በአዲስ አበባ የሚያወጣው ሙቀት በጅቡቲ ወደብ ከሚያወጣው ያንሳል። ምንም እንኳ የከተማችን ቀዝቃዛ አየር ጉድለቱን በከፊል ቢያካክሰውም፣ የዓመታት አቧራ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ሲጠቀጠቅና በሲፒዩው ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ሲደርቅ መሣሪያው ራሱን ለማዳን ይጠፋል። መድኃኒቱ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ መስመር ነቅሎ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግና ቅባቱን ማደስ ነው። በፎርማት የሚድን አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ብልሽት ከዚህ ይከብዳል፤ ጊዜም ሥርዓትም የሌለው መስሎ ይታያልና። በአንድ ወቅት ለምረቃ የተቃረበ ተማሪ ኮምፒውተሩን ይዞልን መጣ። መሣሪያው በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ነበር። በመጀመሪያው ፎርማት የሦስት ወር የቤተ ሙከራ ልኬቶቹ ከነሰንጠረዣቸው ጠፍተዋል፤ ብልሽቱ ግን አልጠፋም። የሚወጣው የስሕተት መልእክት በየጊዜው ይለያይ ነበር። በሁሉም ፕሮግራሞች ላይ የሚዘዋወር ስሕተት ደግሞ ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበትን አካል፣ ማለትም ራምን ወይም የኃይል አቅርቦትን ያስጠረጥራል።

ስምንት ጊጋባይት ራም 69 ቢሊዮን ገደማ ቢት ይይዛል። እያንዳንዱ ቢት በጥቃቅን ካፓሲተር ውስጥ የተጠራቀመ ኢምንት የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ሙሉም ስለሚያፈስ በተለምዶ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ መታደስ አለበት። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ቢደክሙ ስሕተቱ አንድ ቀን በጽሑፍ፣ አንድ ቀን በሥዕል፣ ሌላ ቀን በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ብቅ ይላል። የተማሪው ኮምፒውተር ሁለት የራም ካርዶች ነበሩት። ራምን ብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም ሌሊቱን ሲሠራ አደረና ስሕተት አገኘ። ከዚያም አንዱ ካርድ ብቻውን ተፈተነ፤ ንጹሕ ሆነ። ሌላው ብቻውን ተፈተነ፤ ስሕተት አሳየ። ነገር ግን ጥፋቱ የካርዱ ይሁን የመሰኪያው ገና አልታወቀም። ስለዚህ ካርዶቹ ቦታ ተለዋወጡ። ስሕተቱ ካርዱን ተከትሎ ሄደ፤ መሰኪያው ነጻ ወጣ። ተማሪው በግማሽ ራም ጽሑፉን ጨረሰ። የጠፉትን ልኬቶች ለመድገም ግን ምረቃው በአንድ ሴሚስተር ተላለፈ። የአንድ ሴሚስተር ዋጋ የተከፈለው በሁለት ሰዓት ሥራ ሊለይ ለሚችል ብልሽት ነበር።

በዚህ ሙከራ ውስጥ ያለው ጥበብ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ራሙንም፣ ገመዱንም፣ ፓወር ሳፕላዩንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ኮምፒውተሩ ቢድንለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም። በሚቀጥለው ብልሽትም ከዜሮ ይጀምራል።

ራሙ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ኃይል አቅርቦቱ ይዞራል። የ12 ቮልት መስመሩ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ እንዲቆይ ይጠበቃል። ኤሌክትሪክ በሄደና በመጣ ቁጥር የሚንገላቱት ካፓሲተሮች፣ ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሏቸው፣ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከዓመታት ብዛት ሲደርቅ ቮልቴጁን ማረጋጋት ይሳናቸዋል። በአጠቃላይ ልማዳዊ ስሌት መሠረት የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። ይህም ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አረኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ስለ ኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነትና ስለ ሙቀት ካስቀመጠው ቀመር ጋር የሚዛመድ ነው። በማዘርቦርድ ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር በዓይን ይለያል። ፓወር ሳፕላዩን ግን መክፈት አይገባም። 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲቀና 311 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ይህም ገመዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ሊቆይና ሊገድል ይችላል። ትክክለኛው ሙከራ ደኅና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሳፕላይ ተውሶ መሞከር ነው።

ምርመራ ሁሉ መዝገብ ይሻል። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ማርክ 2» የተባለው ኮምፒውተር ሲታወክ፣ ባለሙያዎቹ ከሪሌዎቹ በአንዱ ውስጥ የእሳት ራት አገኙ። አውጥተው አልጣሏትም፤ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈው፣ ራቷን በመዝገባቸው ገጽ ላይ ለጠፏት። ገጹ ዛሬም በአሜሪካ ስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ይገኛል። ለአንድ የቤት ኮምፒውተርም አንድ ደብተር ይበቃዋል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተከፈተው ፕሮግራም፣ የታየው መልእክት፣ የተለወጠው ነገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በሽታውን ያልመዘገበም እንዲሁ።

ምናልባት «ጠጋኞች ይህን ሁሉ አይጠብቁም፤ ልምዳቸው ይበቃቸዋል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የልምድን ዋጋ አንክድም። ነገር ግን የጎበዝ ጠጋኝ ልምድ በብዙ ሙከራ የተፈተነ መላምት እንጂ ግምት አይደለም፤ እርሱም ደኅናውን አካል በተጠረጠረው ቦታ አስገብቶ ነው የሚፈርደው። «ጊዜው ያለፈበትን መሣሪያ ማስታመም ለምን?» የሚልም አይጠፋም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ አካላቸው ጤነኛ የሆነ ብዙ ኮምፒውተሮች «ያረጁ» ተብለዋል። የድጋፍ ማብቃትና የአካል መድከም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለመጀመሪያው ሊኑክስን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር አማራጭ ይሆናል። ከምርመራ በኋላ «ይህ ማዘርቦርድ አይድንም» ብሎ መሰናበትም ተገቢ ውሳኔ ነው። የምንቃወመው መሰናበቱን ሳይሆን ሳያውቁ መሰናበትን ነው።

በእኛ እምነት ይህ ጉዳይ ለግለሰቦች ብቻ የሚተው አይደለም። በየትምህርት ተቋማቱ መጋዘን ተደራርበው የሚገኙ ያረጁ ኮምፒውተሮች ርካሽ ቤተ ሙከራ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ መልቲሜትር፣ በአንድ ጠመንጃ መፍቻና በአንድ ደብተር መላምትን፣ ቁጥጥር ያለበትን ሙከራና የልኬት ስሕተትን ማስተማር ይቻላል። የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክበባትም ከዚህ የተሻለ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የሚያገኙ አይመስለንም።

እናንተም ወጣት አንባቢዎቻችን፣ በቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር በሚቀጥለው ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሰነዶቻችሁን አድኑ፤ ደብተር ክፈቱ፤ አንዱን ነገር ብቻ ለውጣችሁ ውጤቱን ጻፉ። ኮምፒውተሩ ላይድን ይችላል። ለምን እንዳልዳነ በማስረጃ መናገር ከቻላችሁ ግን፣ በዚያች ቀን የፊዚክስ ተማሪ ሆናችኋል።