የተቀጠረው ይግባኝ አለው፤ ያልተቀጠረውስ?



በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ የሚለጠፈውን የክፍት ሥራ መደብ ማስታወቂያ የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል መስመር የተገኘ ዕለት የተመራቂው ሰልፍ ከግቢው በር አልፎ መንገዱን ይይዛል። ወላጅ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ከጉሮሮው ቀንሶ ይሰጣል። ልጁ ማስረጃውን ዋናውንና ኮፒውን ይዞ ይመዘገባል፤ ቀጠሮ ጠብቆ ይፈተናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። የስም ዝርዝር ይለጠፋል፤ የእሱ ስም የለም። ስንት አገኘሁ? አይነገረውም። ያለፈውስ ስንት አገኘ? ምስጢር ነው። ቃለ መጠይቁ ከስንት ታሰበ? ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

የወደቀ ሁሉ ተበድሏል አንልም። ለአንድ ወንበር መቶ ሰው ሲወዳደር ዘጠና ዘጠኙ መቅረታቸው የግድ ነው። ነገር ግን በእውቀት የተበለጠውም፣ በዘመድ አዝማድ የተገፋውም የሚሰጣቸው መልስ ያው አንድ ዝምታ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተዘረፍኩ ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ በሐቅ ያለፈው ሠራተኛም ቢሆን በጎረቤቱ ዘንድ «በማን ገባ?» ከመባል አይድንም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ነበረ፤ አለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ሥራ ፈላጊዎችን በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት መለየትን ከልክሏል። ክፍት መደብ የሚያዘውም ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ብልጫ ባገኘ ሰው ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። በ2010 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1064ም ይህንኑ መርሕ ይዞ ቀጥሎ ነበር። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት የሚሰጠው ቅድሚያም ቢሆን በ1999ኙ አዋጅ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲኖር የሚሠራ ነበር። ይህን ቅድሚያ እኛም እንደግፋለን፤ የምንቃወመው ውጤቱ በተደበቀበት ቦታ «ቅድሚያ ሰጥተን ነው» የሚለውን ማመካኛ ነው።

ታዲያ ብልጫ ያገኘው ሰው ቢዘለል ለማን አቤት ይላል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስገርመው። አዋጆቹ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቋቁመዋል፤ ፍርድ ቤቱ የሚሰማው ግን የመንግሥት ሠራተኞችን ይግባኝ ነው። ሠራተኛ የሚባለው ደግሞ የተቀጠረው ነው። ከሥራ የተባረረ ይግባኝ አለው፤ ወደ ሥራው እንዳይገባ የተደረገው ግን ገና ሠራተኛ አልሆነምና ከደጅ ይቆማል። ለራሱ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ቢያስገባስ? ያኔ ከሳሹ እሱ፣ ተከሳሹና ዳኛው ያው መሥሪያ ቤት ይሆናሉ።

ሕገ መንግሥቱ እንዲህ አላለም። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ «ማንኛውም ሠራተኛ» አላለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ም የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል። መልካም ነው፤ የሚመሰገን ነገር ሲኖር እናመሰግናለን። ግን ለመሆኑ ከተመራቂ ልጆቻችሁ ስንቶቹ ስለዚህ አዋጅ ሰምተዋል? የሰማውስ ጠበቃ በምን ይከፍላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስረጃው፣ ማለትም የፈተናው ወረቀትና የቃለ መጠይቁ ነጥብ፣ ያለው በተከሳሹ ካዝና ውስጥ ነው። ጉዳዩ ቀጠሮ በቀጠሮ ሲጎተት የተቀጠረው ሰው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ወንበሩ ላይ ተደላድሏል።

ይህ በር ተዘግቶ የኖረው በመዘንጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የመንግሥት ሥራና አገልግሎት ከገዢው ፓርቲ አባልነት ጋር እንዴት እንደተቆራኘ ገልጾ ነበር፤ የዚያን ጊዜው መንግሥት አስተባበለ። ሕዝቡ ግን ዘገባ ማንበብ አላስፈለገውም፤ በየቀበሌው ሲያየው የኖረ ነገር ነውና። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ በብልጽግና ተተካ። የፓርቲው ስም ሲለወጥ የቅጥር መዝገቡ ለሕዝብ ዓይን አልተከፈተም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ብሂል በየቢሮው እንደ መመሪያ እየተሠራበት ዳኛ ያልጎበኘው ቅጥር ንጹሕ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አለ?

በሌላ አገር የሆነውን እንንገራችሁ። በሕንድ ዌስት ቤንጋል ግዛት በ2016 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመምህራንና የሠራተኞች ቅጥር ተካሄደ። ያላለፉ ተወዳዳሪዎች «የፈተና ወረቀት ባዶ የሰጠ ሰው እንኳ ተቀጥሯል» ብለው ከሰሱ። የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2024፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ቅጥሩን ሰረዙት፤ 25,753 ቅጥር በአንድ ፍርድ ፈረሰ። ከመካከላቸው በላባቸው ያለፉ፣ ለዓመታት ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ያሳዝናል፤ አንደብቀውም። ነገር ግን ለምን አብረው ወደቁ? ዋናዎቹ የመልስ ወረቀቶች እንዲወገዱ ተደርገው፣ ጥፋቱም ተሸፋፍኖ፣ ሐቀኛውን ከአጭበርባሪው አጥርቶ መለየት ስለከበደ ነው። መዝገብ ባይጠፋ ኖሮ ንጹሑን የሚያድነው ያው መዝገብ ነበር።

«እያንዳንዱ የወደቀ ሰው ከከሰሰ መሥሪያ ቤት ሥራ ይፈታል» የሚሉን ሹማምንት አሉ። እኛ ዳኛ ሠራተኛ ይቅጠር አላልንም። ዳኛ የሚጠየቀው ውድድሩ በተለጠፈው መስፈርት መካሄዱን እንዲመረምር ነው። ነጥቡን ዓይቶ «ለካስ ተበልጫለሁ» ያለ ልጅ ለክስ የሚያወጣው ገንዘብም ጊዜም የለውም። በክስ የሚጥለቀለቀው የሚደብቅ መሥሪያ ቤት ነው።

ስለዚህ ድምፃችሁን ብትሰጡን ወደ ምክር ቤት ይዘነው የምንገባው ረቂቅ ይህ ነው። ማንኛውም ለመንግሥት ሥራ የተወዳደረ ሰው የራሱን የፈተና ወረቀትና የቃለ መጠይቅ ነጥብ የማየት፣ የተመረጠውንም ሰው ጠቅላላ ውጤት የማወቅ መብት ይኖረዋል። የቃለ መጠይቅ ድርሻ በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ጠያቂ የሰጠውን ነጥብ ለየብቻው ፈርሞ ያስቀምጣል። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ለሥራ አመልካቾችም ይከፈታል፤ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቁም። አቤቱታ በቀረበበት መደብ ላይ ፍርድ ቤቱ ሲያዝ ቅጥሩ ታግዶ ይቆያል። የውድድር ሰነድ አቤቱታው እልባት ሳያገኝ ያጠፋ ኃላፊ በግሉ ይጠየቃል፤ ሰነዱን ማቅረብ ያልቻለ መሥሪያ ቤትም ባዶ እጁን መጥቶ «በትክክል ቀጥሬያለሁ» ቢል አይሰማም።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆም ነበር ይላሉ አባቶቻችን። እስከዚያው ግን ልጆቻችሁን አደራ በሏቸው፦ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፎቶ ያንሱት፣ የምዝገባ ቁጥራቸውን አይጣሉት፣ ቅሬታቸውን በጽሑፍ አስገብተው በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም ያስመቱበት።