የፖሊስ ውሻ ፈተና መናኸሪያ ላይ ይሁን

የፖሊስ ውሻ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የሰልፍ ትርኢት ነው፤ ክንዱ የተሸፈነ ሰው ይሮጣል፣ ውሻው ዘሎ ይነክሰዋል፣ ይጨበጨባል። ሥራው ግን ሜዳ ላይ አይደለም።

ሥራው ባሕር ዳር መናኸሪያ ነው፤ ባጃጁ ይንጫጫል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ የመንገድ ውሻ ይጮህበታል። ሥራው ጣና ዳር ነው፤ የዓሣ ሽታ፣ ደንገል፣ የምትወዛወዝ ጀልባ። ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ እያለከለከ ደግሞ በደንብ አያሸትም። ስለዚህ በሚያዝያ ቀትር ውኃና ጥላ ቅንጦት ሳይሆኑ የሥራ መሣሪያ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ውሻውን የሚመራው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች 18 ውሾችን ከነመሪዎቻቸው ፈተኑ። መሪዎቹ የተደበቀ ሽታ ሊኖር እንደሚችል ተነገራቸው፤ አንድም አልነበረም። ከ144 ፍተሻ «ምንም የለም» ተብሎ ያለቀው 21ዱ ብቻ ነው። በቀረው ሁሉ መሪው ውሻው «አገኘ» አለ።

እኛ ጋ ይህ ስህተት ሲደርስ ምንም ያላጠፋ መንገደኛ ከአውቶቡስ ወርዶ ጣቢያ ያድራል። በነጋታው ማን ያምነዋል? «ውሻው ጠቁሟል» ተብሏላ!

እኔ የምለው ቀላል ነው። ውሻው ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚያው መናኸሪያና ወደቡ ላይ ይፈተን። ዕቃው የት እንደተደበቀ መሪው አይወቅ። ባዶ ሻንጣም ይቅረብለት። ስንቴ እንደተሳሳተ ይመዝገብ፤ መዝገቡንም ፍርድ ቤት ይየው።