ፈተናውን ማን ይፈትነው?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ይህ ተረት የተነገረው ስለ ሰው ሸንጎ ቢሆንም ለኮምፒዩተርም ይሠራል። ኮምፒዩተር የታዘዘውን አልሠራም ብሎ ሲመልሰን ምክንያቱን የምንሰማው ከስሕተት መልእክቱ ነው። መልእክቱ ከጐደለ፥ ወይም ያልሆነ ምክንያት ከሰጠ፥ ባለጉዳዩ ክሱ ሳይነበብለት እንደ ተፈረደበት ሰው ይሆናል። እንግዲህ የሶፍትዌርን ፈተና የሚመረምር ሰው «አልተሳካም» የሚለውን ውጤት ብቻ አይቶ ማለፍ አይገባውም፤ ቃሉንም ማንበብ አለበት። ይህን አሳቤን በምሳሌ ላስረዳ።

ምሳሌ የማደርገው ጊትን ነው። ጊት የኮድንና የጽሑፍን ለውጥ እየመዘገበ የሚያቈይ፥ ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 የጀመረውና በዚያው ዓመት ጁኒዮ ሐማኖ የተረከበው ሶፍትዌር ነው። ምንጩ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ማንም ሰው ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል። የቀረበውን ግን ሌሎች አንብበው ይተቹታል፤ ከማሻሻያውም ጋራ ሥራውን የሚያረጋግጥ ፈተና ይጠየቃል። ከነዚህ ፈተናዎች የሚበዙት የተጻፉት በሼል ነው።

በሼል ዘንድ የተሳካ ትእዛዝ 0 ይመልሳል፤ ያልተሳካው ሌላ ቍጥር ይመልሳል። አንድ ትእዛዝ እምቢ ማለት በሚገባው ጊዜ እምቢ ማለቱን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ከፊቱ ቃለ አጋኖ ማስቀመጥ ነው፤ ቃለ አጋኖው ውድቀቱን ወደ ማለፍ ይለውጠዋል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የፈተናው ጸሐፊ የትእዛዙን ስም በፊደል ቢሳሳት ሼል «እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላገኘሁም» ብሎ 127 ይመልሳል። ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የማስታወሻ ክፍል ነክቶ በድንገት ቢሞት በሊኑክስ ላይ 139 ይመጣል። ለቃለ አጋኖው ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ፈተናው ያልፋል። ስለዚህ የጊት ሰዎች «ቴስት መስት ፌይል» የተባለ መሣሪያ አበጁ፤ ይህም በሥርዐት እምቢ ያለውን ትእዛዝ በድንገት ከሞተው ይለያል። መመሪያቸውም የጊት ትእዛዝ እምቢታ ሲፈተን በቃለ አጋኖ ፈንታ በዚህ እንዲሠሩ ያዛል።

ይሁን እንጂ ይህም ብቻውን አይበቃም። አንድ ተማሪ ገና ያልመዘገበው ለውጥ እያለ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ልሻገር ቢል፥ መሻገሩም ለውጡን የሚያጠፋበት ከሆነ፥ ጊት ይከለክለዋል። የሚጠፉትን ፋይሎች በስም ይዘረዝርለታል፤ አስቀድመህ መዝግባቸው ወይም ለጊዜው ወደ ጎን አኑራቸው ይለዋል፤ ሥራውንም ማቆሙን ይነግረዋል። አሁን አንድ ማሻሻያ የፋይሎቹን ስም ከመልእክቱ ቢያስቀር ምን ይሆናል? ትእዛዙ እንደ ቀድሞው ይከለክላል፤ ቍጥሩም አይለወጥም፤ ቍጥሩን ብቻ የሚያይ ፈተናም ያለ አንዳች ቅሬታ ያልፋል። ተማሪው ግን ምን እንደሚጠፋበት ስላላወቀ «በግድ» የሚለውን ምልክት ጨምሮ ሊሻገርና የሳምንት ሥራውን በገዛ እጁ ሊያጠፋ ይችላል።

ይህን የመሰለውን ጥፋት የሚጠብቅ ፈተና በጊት ውስጥ አለ። ቍጥሩ 6439 የሆነው የሼል ፈተና በእንግሊዝኛ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት፥ አምስት ተብለው የተሰየሙ ፋይሎችን ያዘጋጅና ከክልከላው የወጣውን መልእክት ከሚጠበቀው ጋራ ቃል በቃል ያስተያያል። ከዝርዝሩ አንድ ስም ቢጐድል ፈተናው ይወድቃል።

«ቃል በቃል መፈተን ሥራን ያከብዳል፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ በተለወጠ ቍጥር ፈተናው ሁሉ ሊታረም ነው» የሚሉ አሉ፤ ተቃውሟቸውም የሚናቅ አይደለም። መልእክትን ለማሻሻል የሚደክም ሰው በየሰረዙ ሊታሰር አይገባውም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ዋናውን መምረጥ ነው እንጂ ቃሉን መተው አይደለም። ዝርዝሩና አቀማመጡ ራሱ ጉዳይ በሆነበት ቦታ ሙሉውን ማስተያየት ያስፈልጋል፤ በቀረው ግን ምክንያቱን የሚናገረውን ሐረግና የፋይሉን ስም በግሬፕ መፈለግ ይበቃል። መርማሪው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ እምቢ አለ ወይ? እምቢ ያለው በሚገባው ምክንያት ነው ወይ? ምክንያቱንስ ለባለጉዳዩ ነገረው ወይ?

«ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ የአርት ፋኩልቲን ምን አገባው?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። የጊት የአጻጻፍ መመሪያ ግን የስሕተት መልእክት አስቀድሞ ስሕተቱን እንዲናገር፥ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻም ከሆነ በመጨረሻው ነጥብ እንዳይደረግበት ያዛል። ይህ የቋንቋ ሰው ሥራ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ኮዱን የጻፈው ሰው መልእክቱን የሚያነበው ምክንያቱን አስቀድሞ እያወቀ ነው፤ ስለዚህ ጕድለቱ አይታየውም። ጕድለቱ የሚታየው ምክንያቱን ከቃሉ ብቻ ለመረዳት ለሚሞክር አንባቢ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ አዲስ ኮድ የሚጽፍ ሰው ይመሰገናል፤ የሌላውን ፈተና ቁጭ ብሎ የሚያነብ ግን እምብዛም አይታሰብም። ቢሆንም ክፍት ሶፍትዌር ክፍትነቱ የሚጠቅመው የሚያነበው ሲገኝ ነው። የሼልን ጥቂት ምልክቶች መማር ከአንድ የግእዝ ግሥ እርባታ አይከብድም። ተምረን እናንብብ፤ ፈተናው አልፏል ሲሉንም ምን ፈትኖ እንዳለፈ እንጠይቅ።