ለጀጎል ቤት የትኛው ጠመንጃ? ለተለመደው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ስለ ቤት መከላከያ መሣሪያ ሲነሣ በብዙዎች ዘንድ የጸና አስተያየት አለ፦ ለሜዳም ለደጅም የሚሆን አንድ ጠመንጃ ይበቃል፤ ሲመረጥም ጥይቱ ወፈር ያለው፣ ርቆ የሚመታው ይመረጥ። ይህ ሐሳብ ከሜዳና ከተራራ ኑሮ የተወለደ ነው። ሐረር ላይ ግን ስለ ጥይትም ስለ ቤትም ያሳስታል።

በጥይቱ ልጀምር። ካሊበር የሚነግረን የጥይቱን ውፍረት ብቻ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣውና እኛ ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ 25 ግራም የሚሆን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውራል። ከ12 ዓመት በኋላ የመጣው ለቤል 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ በጉልበትም በርቀትም በለጠው። ጭስ አልባው ባሩድ ለቀጭኑ ጥይት ፍጥነት ሰጥቶታልና። ውፍረትን የብርታት መለኪያ ማድረግ ያኔውኑ ያበቃለት ነገር ነው።

የአገራችንም ታሪክ ቢሆን ሰው በካሊበር መርጦ ታጠቀ አይልም። በ1879 ዓ.ም. ባለቅኔው አርተር ራምቦ ከታጁራ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ አስጭኖ ሸዋ ሲገባ፣ መሣሪያው በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ነበር። ምኒልክ ግን ዋጋውን ቀንሰው ገዙት፤ ክፍያውንም ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል አዘዙለት። የሚገዛው የተገኘው ነበር፤ ከተገኘም በኋላ ዋናው ጥያቄ የጥይቱ ነገር ነው። የጠመንጃ ጥይት በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ ጥይት የማይገኝለት ጠመንጃ ለባለቤቱ ምን ያህል ከንቱ እንደነበር አይጠፋውም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ ክርክሩ የሚወድቀው እዚህ ነው። ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ በ48 ሄክታር ግድም ውስጥ የታጨቀ ከተማ ነው። ቤት ከቤት ይደገፋል፣ አንዱን ግቢ ብዙ ቤተሰብ ይጋራዋል፣ መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍበት ነው። የድንጋዩ ግንብ ጥይት ሊያቆም ይችላል፤ ካቆመውም ጥይቱ ነጥሮ፣ ወይም የድንጋይ ፍንጣሪ ሆኖ፣ ነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ወደተቀመጠው ቤተሰብ ይመለሳል። የእንጨቱ በርና የቆርቆሮው ጣራ አያቆሙትም። ከሸዋ በር ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ፣ ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት በሆነበት፣ ነገሩ ይብሳል። 8 ግራም የሚመዝነው የክላሽ ጥይት በሰከንድ 715 ሜትር ሲወጣ 2,000 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል፤ የባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት የሚይዘው የዚህን ሩብ ግድም ነው። ሌባውን የሳተው የክላሽ ጥይት ሦስተኛ ቤት ያለችውን እናት ሊያገኝ ይችላል። እዚህ ሁለት መቶ ሜትር አሻግሮ የሚያሳይ ደጅ የለም፤ ርቆ መምታት የተባለው በጎነት በጀጎል ጥፋት ነው።

በሽጉጥ አነጣጥሮ መምታት በጠመንጃ ከመምታት ይከብዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ልምምድ የሌለው ሰው በሁለቱም ጎረቤቱን ያሰጋል። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት በሩ፣ መወርወሪያው፣ ጩኸት ሲሰማ የሚደርሰው ጎረቤት ይቅደም እላለሁ። ሐረር ራሷ የኖረችው እንዲህ ነው፦ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ነበራት፣ በሮቿ ሌሊት ይዘጉ ነበር፣ አፎቻው፣ የጎረቤቱ መረዳጃ ማኅበር፣ ደግሞ ሰውን ከሰው ያስተሳስር ነበር። ይህን የከተማ ጥበብ የገጠሩ ምክር አያውቀውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መሣሪያ ልያዝ የሚል ሰው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ምን ዓይነት መሣሪያ ለግለሰብ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ሕጉ ስለሆነ፣ «ጥይቱ ወፈር ይበል» የሚለው ምርጫ ከመጀመሪያውም ለባለቤቱ ብቻ የተተወ አይደለም። በባቢሌ ወይም በፈዲስ በኩል ከብቱን በሜዳ የሚጠብቅ ገበሬ ግን ከጀርባው ሰው የሌለበት ሰፊ መሬት አለው፤ የእሱ ምርጫ በሌላ ሚዛን ይታይ።