ንባቡ ከእኛ፣ ጥያቄው ከእናንተ

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣

እኛ በዚህ አገር ተወልደን፣ በዕብራይስጥ ተምረን፣ አማርኛ መጻፍ በቅርስ ክፍል የጀመርን የሽኩና ቤት ልጆች ነን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ስልካችሁን ትሰጡንና «ልጄ፣ ይህ ነገር እውነት ነው?» ትሉናላችሁ። እኛም ቸኩለን «አዎ፣ ኢንተርኔት ላይ አለ» እንላለን። ይህ መልስ ስሕተት መሆኑን ስለ ተረዳን ይህን ጻፍን።

ባለፈው ዓመት የአንዷ ጓደኛችን አያት ስልካቸው ላይ ቪዲዮ መጣላቸው። ተናጋሪው በጥሩ አማርኛ «ጥቁር አዝሙድ የስኳር በሽታን ፈጽሞ ያድናል፣ ኪኒን አያስፈልግም» ይላል። ቪዲዮውን የከፈትንላቸው እኛ ነን። አጠገባቸው ተቀምጠን አብረን ሰማን፤ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅንም። እርሳቸውም ኪኒናቸውን ተዉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የኩፓት ሆሊም ነርስ ስኳራቸውን ለክታ ደነገጠች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደኅና ናቸው። ቪዲዮውን እንደ ገና ስናየው ከሥሩ የዱቄቱ ዋጋና የሻጩ ስልክ ቁጥር ተጽፎ አገኘን። ያን ጊዜ አፈርን።

እኛ ስልኩን መንካት እናውቃለን፤ መጠየቅ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው? ምን እግር ጣለህ?» ትላላችሁ። ሽማግሌ ሲያስታርቅ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ኢንተርኔትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ የማን ነው? እያንዳንዱ የኢንተርኔት ገጽ አድራሻ አለው፤ የአድራሻው መጨረሻ ወገኑን ይናገራል። «ጎቭ ነጥብ አይኤል» የእስራኤል መንግሥት፣ «ሙኒ ነጥብ አይኤል» የኢርያ፣ «ኤሲ ነጥብ አይኤል» የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ነው። «ኮ ነጥብ አይኤል» ግን ከፍሎ ያስመዘገበ ሁሉ ይይዘዋል። አንዳንድ ስልክ ላይ ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክት የምንጽፈውን በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው ትጠብቃለች እንጂ ባለቤቱ ሐቀኛ መሆኑን አትመሰክርም። የሌባም ቤት ቁልፍ አለው።

ሁለተኛ፣ ምን ፈልጎ ነው? ጉግል ላይ ስንፈልግ ከላይ ከሚመጡት አንዳንዶቹ ገንዘብ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። ይህን የምትናገር ትንሽ ቃል አለች፤ እርሷን ማየት ነው። በመልእክት መጥቶ የቴዑዳት ዘሁት ቁጥር ወይም የባንክ ካርድ የሚጠይቅ ከሆነ ምንም አትመልሱ።

ሦስተኛ፣ ሌላ ማን መሰከረ? ኦሪት በአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ እንዳይፈረድ ታዛለች። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ቀስት ያለበት መልእክት ከሰው ወደ ሰው ብዙ ጊዜ የተላለፈ ነው። ሺህ ሰው ቢያስተላልፈውም ምስክሩ ያው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2025 የኢራን ሚሳይል እዚሁ ከተማችን የሶሮካን ሆስፒታል ሲመታ ስልካችን በድምፅ መልእክት ተሞላ፤ የሚናገሩትን ሰዎች ግን ማናችንም አናውቃቸውም ነበር። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር የሰውን ፊትና ድምፅ አስመስሎ ስለሚሠራ «በዓይኔ አየሁ፣ በጆሮዬ ሰማሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

«መንግሥትስ መቼ እውነቱን ነገረን?» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ ወገኖቻችን የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደ ነበር ገለጠ፤ ብዙ ሺህ ሰውም ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለሰልፍ ወጣ። እኛ ያኔ አልተወለድንም፤ የሰማነው ከእናንተ ነው። ስለዚህ አድራሻው ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ይነግረናል እንጂ እውነት መናገሩን አያረጋግጥልንም። ይሁን እንጂ መንግሥትን መጠራጠር ስሙ የማይታወቅ ሰውን ለማመን ምክንያት አይሆንም። የደሙንም ነገር ያወጣው በስሙ የጻፈ ጋዜጠኛ ነው፤ ከማን እንደ መጣ የማይታወቅ ወሬ አይደለም።

ልመናችን ይህ ነው፦ ስልኩን ሰጥታችሁን አትነሡ፤ አጠገባችን ተቀመጡ። ፊደሉን እኛ እናንብብ፣ እናንተ ጠይቁን። ቸኩለን «አዎ» ካልን «ማን አለ? ሌላስ ማን አለ?» በሉን። የመድኃኒት ነገር ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ ምንም አይቀየር።

አባቶች «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለዋል። ወሬውን ስልኩ ያመጣልናል፤ መላው ግን ያለው ከእናንተ ዘንድ ነው። በአማርኛችን የጎደለ ቢኖር ይቅር በሉን። ምርቃታችሁ አይለየን።