አሮጌው የጨዋታ መኪና ይጣልን?

በብቸናም ሆነ በሞጣ ከተማ ፕሌይስቴሽን የሚባለውን የጨዋታ መኪና የማያውቅ ወጣት አይገኝም። ወላጆቻችንም ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን በክፉ ስሙ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ፣ የደብተር መግዣው ገንዘብ ሲጠፋ፣ የሚከሰሰው እሱ ነው። ክሱ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» እንደ ተባለው፣ ጥፋቱ ከዕቃው ይልቅ ካያያዛችን ይመስለኛል። ይህ መኪና በትንሽ ወጪ ቤተ ሰብ ሁሉ የሚማርበትና የሚዝናናበት መሣሪያ ሊሆን ይችላልና።

ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሌይስቴሽን 2ን ለገበያ ያወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሠሪዎቹ ከጨዋታው ሌላ የዲቪዲ ፊልም እንዲያሳይ አድርገውታል። ከፊቱ የፍላሽ መሰኪያ ቢኖረውም፣ በፍላሽ ላይ ያለ ፊልም እንዲያሳይ ግን አላሰናዱትም። ይህን ያሰናዱት በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ፣ ትርፍ ያልፈለጉ ባለሙያዎች ናቸው። የእነሱ ፕሮግራም 8 ሜጋ ባይት በሚይዘው ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ መኪናው ሲበራ ካርዱን አንብቦ ፊልምና ዘፈን ማጫወት ይጀምራል። ሣጥኑን መፍታትም ሆነ መበየድ አያስፈልግም። ይህ መንገድ የማይሠራው በመጨረሻዎቹ ሞዴሎች ላይ ነው።

ነገሩ የሕፃናት ሙከራ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ማይክሮሶፍት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ኤክስቦክስ የተባለውን የጨዋታ መኪና ሲያወጣ፣ ፈቃደኞች ፊልም እንዲያሳይ የሚያደርግ ፕሮግራም ሠርተው በነፃ አደሉ። ያ ፕሮግራም አድጎ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ኮዲ ተብሎ ተሰየመ፤ ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ጭምር ይሠራል።

ባለፈው ክረምት ሞጣ በሚገኘው ባጎቴ ቤት ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቹ ሰልችቷቸው አልጋ ሥር የጣሉት መኪና ካሮጌው ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ፣ አያቴ መዝሙር፣ ልጆቹ የፊዚክስ ትምህርት ይከታተሉበት ጀመር። አዲስ የተገዛው ካርዱና አንድ ፍላሽ ብቻ ነው።

ሆኖም መኪናው እንደ ማርጀቱ አቅሙ ውሱን ነው። የማስታወሻው ስፋት 32 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ የፍላሽ መሰኪያውም የቀድሞ ዓይነት ስለ ሆነ ይዘገያል። ስለዚህ የዛሬ ስልኮች የሚያነሡት ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ አስቀድሞ በኮምፒዩተር አነስ ተደርጎ፣ ዲቪክስ ወደሚባለው የቆየ ዓይነት መለወጥ አለበት። አንድ ጊዜ ከተለወጠ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ለብዙ ቤት ይበቃል።

መምህሮቻችን እንደሚያስታውሱት፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት ሲጀመር፣ አንዱ ቅሬታ ትምህርቱ ቁም ቢሉት የማይቆም መሆኑ ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም። በቤት ያለውን ግን ማቆምም፣ ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ከኢንተርኔት ይገኝ የነበረው ትምህርት አብሮ ተቋርጦብናል። በፍላሽ ላይ ያለ ትምህርት ኔትወርክ አይጠይቅም፤ መብራት ካለ ይበቃዋል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹ ትምህርቱን ትተው ወደ ጨዋታው ይመለሳሉ» ይሉ ይሆናል። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በጨዋታ ቤት ልጁን የሚቈጣጠረው የለም፤ በሳሎን ያለውን መኪና ግን አባትም እናትም ያዩታል፤ መጫወቻውን እጀታ እናት ብትቈልፍበት ማን ይከለክላታል? የሰው ድካም የሆነውን ፊልም ያለ ፈቃድ እየቀዱ መሸጥን በሚመለከት ግን ክርክር የለኝም፤ ሌብነት ነው። እኔ የምለው መምህራን በፈቃዳቸው የቀረጹትን ትምህርት፣ ቤተ ሰብም የራሱን የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየቤቱ የተጣሉትን መኪናዎች ተማሪዎች እንሰብስብ፤ ካርዱን መጻፍ የሚያውቁ ለማያውቁት ያሳዩ፤ መምህሮቻችንም የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚከብድባቸውን ምዕራፎች ቀርጸው ይስጡን፤ እኛ ለውጠን እናዳርሳለን። የቆርቆሮ ጣሳን ኩራዝ፣ ያረጀ ጎማን በረባሶ ያደረጉ አባቶቻችን «ይህ ዕቃ የተሠራው ለምንድን ነው?» ብለው አልቆሙም፤ «ለምን ይበጀናል?» ብለው ጠየቁ እንጂ። እኛ ይህን ሳንጠይቅ፣ መማሪያውን አልጋ ሥር ጥለን መማሪያ አጣን ብንል፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ በጎጃሞች ላይ ደረሰ ማለት ነው።